ዝማሬው የማን ነው?

ሰዎች ተሰብስበው በአንድ ድምፅ ሲዘምሩ ከሩቅ የሚያይ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። አንደበት ለሁሉም ተሰጥቷል፤ ጆሮም እንዲሁ፤ ታዲያ አብሮ መዘመር ምን የሚያስቸግር ነገር አለበት ይላል። ነገር ግን አንድ ወር ያህል ከመዘምራን ጋር ቆሞ የተለማመደ ሰው እንዲህ ብሎ አይናገርም። አርባ ሰው በአንድነት በቆመበት ስፍራ አርባ ዓይነት ጆሮ፣ አርባ ዓይነት ትንፋሽ፣ ከዚያም ጋር አርባ ዓይነት ኩራት አብሮ ይቆማል። አንዱ ይፈጥናል፤ አንዱ ይዘገያል፤ አንዱ የጎረቤቱን ድምፅ እስኪሸፍን ድረስ ይጮኻል፤ ሌላው ደግሞ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ የዘመረ ይመስላል። ይህን ሁሉ ወደ አንድ የሚያመጣ መሪ ያስፈልጋል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚነሣው መሪው እስከ ምን ድረስ ሊሄድ ይገባዋል በሚለው ላይ ነው። የአንድ ሰው ድምፅ ከሌሎቹ ጋር አልስማማ ቢል፣ ዝማሬው እንዲያምር ሰውየው ይቅር ወይስ ሰውየው እንዳይቀር ዝማሬው ይጉደል?

ይህን ጥያቄ የማነሣው ለመፈላሰፍ ያህል አይደለም። በገዛ እጄ የጻፍሁት አንድ ደብዳቤ አለ፤ ከጻፍሁት ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሆን፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ደግሞ በምኖርበት ሰፈር ያለው የመዘምራን ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ማኅበሩ ስመ ጥር አይደለም። ልብስ ሰፊ፣ የትምህርት ቤት መምህር፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ጉልት ላይ የምትነግድ እናት፣ ተማሪ፣ ጡረተኛ በአንድነት የሚዘምሩበት ነው። ሲቋቋም እኔ አልነበርሁም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ በአንድ የደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ በእኔ እጅ ይገኛል። እዚያ ላይ የማኅበሩ ዓላማ በሦስት መስመር ተዘርዝሯል፤ ይኸውም በጥምቀት ዕለት ታቦት ማጀብ፣ የታመመ ጎረቤት ቤት ሄዶ እየዘመሩ መጠየቅ፣ ኀዘን የደረሰበትንም ማጽናናት ነው። ስለ ድምፅ ማማር የተጻፈ ነገር የለም። ከታች ሰባት ሰዎች ፈርመውበታል።

ከፈራሚዎቹ አንዱ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሾፌርነት ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጆሯቸው ስለ ደከመ ከሌላው በግማሽ ቃል ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ሁሉም ዝቅ ሲል እርሳቸው ከፍ ይላሉ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እርሳቸውም ራሳቸው ያውቁታል፤ አንዳንድ ጊዜ ልምምዱ ሲያልቅ «ዛሬም አበላሸሁባችሁ» እያሉ ይሥቁ ነበር። ከልምምድ ግን ቀርተው አያውቁም። የታመመ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ቀድመው በር የሚያንኳኩት እርሳቸው ነበሩ።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት መሪ አገኘን። ሙዚቃን በትምህርት ያወቀ፣ ጆሮው የሠላ፣ ለሥራው የሚተጋ ሰው ነው። ክፉ ሰው አለመሆኑን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። እርሱ ከመጣ ወዲህ በጥቂት ወራት ውስጥ እኛ ራሳችን እንዳለን የማናውቀው ድምፅ ከውስጣችን ወጣ። ቀድሞ ሁላችንም አንዱን ዜማ ብቻ እየተከተልን እንጮኽ ነበር፤ አሁን ሴቶቹ ከላይ፣ ወንዶቹ ከታች ይዘው ሲገናኙ አንዳንዴ እኔ ራሴ መዘመሬን ረስቼ አዳምጥ ነበር። በዚህ መካከል የየሰፈሩ መዘምራን የሚወዳደሩበት ጉባኤ መዘጋጀቱ ተሰማ። መሪያችንም እያንዳንዳችንን ለብቻ እያስዘመረ ሰማን፤ በሠንጠረዥም ነጥብ ሰጠን። ሦስት ሰዎች ከሚፈለገው በታች ሆኑ። ሁለቱ ወጣቶች ስለ ነበሩ በቃል ተነገራቸው፤ ሥቀው ሄዱ። ጋሼ ግን መሥራች ስለ ሆኑ በክብር፣ በደብዳቤ ይነገራቸው ተባለ። ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ የጸሐፊው ሥራ ነው።

«ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ» ብዬ ጀመርሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ላበረከቱት ከፍ ያለ አገልግሎት ማኅበሩ ልባዊ ምስጋናውን ያቀርባል አልሁ። ከእንግዲህ ወዲህ በክብር አባልነት እንዲቀጥሉ መወሰኑን በአክብሮት እገልጻለሁ አልሁ። የመሥሪያ ቤት ሰው የሆነ አንባቢ ይህን ዓይነቱን ደብዳቤ ያውቀዋል፤ ምናልባት ጽፎታል፤ ምናልባትም ደርሶታል። በደብዳቤው ውስጥ አንድም ሐሰት የለበትም፤ ሆኖም «አይምጡ» የሚለው ቃል በየመስመሩ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ቤታቸው ወስጄ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ በቅጂው ላይ መቀበላቸውን ፈረሙልኝ፤ ከዚያም «ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል» አሉኝ። በሳምንቱ የመዘምራን ልብሳቸውን አሳጥበውና አስተኩሰው ላኩልን።

ነገሩ ተረት ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ሲቀሩ ዝማሬው ይፈርስ ነበር፤ እኛም ተጸጽተን እንመልሳቸው ነበር። አልፈረሰም። ያለ እርሳቸው ዝማሬው በእውነት ተሻለ፤ ይህን መካድ ውሸት ይሆናል። በውድድሩም ሁለተኛ ወጣን። አዳራሹ ሲያጨበጭብ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክድም። ስለዚህ ጥያቄው ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱ ዝማሬውን የጎዳ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ለማረም ይቀል ነበር። ዝማሬውን የጠቀመ ነገር ግን ስሕተት ነው የሚባለው በምን ምክንያት ነው?

መሪያችን ይህን ባነሣሁበት ጊዜ የሰጠኝ መልስ ቀላል የማይባል ነው። «ዓይኑ የደከመውን ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ስትቀበለው ጨከንህ አትባልም፤ ጋሼም ራሳቸው ሾፌር ስለ ነበሩ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል» አለኝ። ያላጠናውን ተማሪ የሚያሳልፍ መምህር ተማሪውንም አገሩንም እንደሚበድል፣ ሥራውን የማይችል ሰው በይሉኝታ በወንበሩ ላይ የሚያቆይ አለቃም ባለጉዳዩን እንደሚበድል አስረዳኝ። ከማኅበሩ አባላት አንዳንዶች ደግሞ በተቃራኒው ፍቅር ከሁሉ ይበልጣልና ማንም መውጣት አልነበረበትም ይላሉ። እነዚህም ቢሆኑ ነጥቡ በተሰጠ ዕለት አፋቸውን ዘግተው ነበር፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነበርሁ። ዛሬ ላይ ቆሜ ስመለከተው ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ገና ሳይጠየቅ የቀረ አንድ ጥያቄ እንደ ተጠየቀ አድርገው ነው።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የእኛ አገር ዜማ ስለ አመራር የሚያስተምረውን ጥቂት ላንሣ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ አባት የሚባለው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ ሰው ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ዓይነቶችና ድጓው ከእርሱ እንደ ተገኙ ይነገራል። ታሪኩን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ይሁን እንጂ በታሪኩ ውስጥ እኛ አልፈነው የምንሄድ አንድ ነገር አለ። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ነበር። አጎቱ ጌዴዎን ቢያስተምረው ቢቀጣው አልሆነለትም፤ ሸሽቶ ሄደ። በመንገድ ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ዛፉን ለመውጣት እየሞከረች የምትወድቅ ትል አየ፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች፤ እርሱም ተጽናንቶ ወደ አጎቱ ተመለሰ ይባላል። ይህን ታሪክ ለልጆች የምንነግራቸው ስለ ትጋት ለማስተማር ነው፤ ያም መልካም ነው። ነገር ግን ታሪኩን ከአጎቱ ወገን ሆነን ብናየውስ? ልጁ ሲመለስ በሩ ክፍት ነበር። የእኛ ማኅበር የነጥብ ሠንጠረዥ በጌዴዎን እጅ ቢኖር ኖሮ ያሬድ ከሚፈለገው በታች ከሆኑት መካከል እንደሚጻፍ አልጠራጠርም።

ሌላው የሚነገረው የጦሩ ታሪክ ነው። ንጉሡ ገብረ መስቀል የያሬድን ዜማ እየሰማ ሳለ ተመስጦ፣ የተደገፈው ጦር የያሬድን እግር ወጋው፤ ወጊውም ተወጊውም ሳያውቁት ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ቆዩ ይባላል። ንጉሡም ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ቢለው፣ ያሬድ የጠየቀው ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ በምናኔ እንዲኖር እንዲፈቀድለት ብቻ ነበር፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። መሪው ሄደ፤ ዜማው ግን አልሄደም። ብዙ መቶ ዓመት ከቆየ በኋላ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። በየትኛውም የማኅበር ሥራ ላይ መሪው ሲለወጥ የሚሆነውን ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ማኅሌቱ ሥርዓት ስንመለስ ደግሞ መሪነት በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ እንዳይንጠለጠል ተደርጎ የተሠራ መሆኑን እናያለን። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የተባሉ አለቆች አሏቸው፤ መሪጌታውም አለ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ቀጥሎም የተቀበለው ይመራል። ዜማው መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያው ይዘመማል፤ ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፤ በመጨረሻም በጭብጨባ ይደምቃል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው ድምፁ ቢደክም እጁ ይሠራል፤ እጁ ቢደክም መቋሚያው ይደግፈዋል። በተወለድሁበት ከተማ በልጅነቴ የማስታውሳቸው አንድ አረጋዊ መምህር ነበሩ። ድምፃቸው ከጥቂት ክንድ በላይ አይሰማም ነበር። ወጣቶቹ ዜማውን ሲያዛቡ ግን መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ ከወለሉ ላይ ያሳርፉ ነበር፤ ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ጸጥ ይላል፤ ወጣቶቹም ከተሳሳቱበት ይጀምራሉ።

ይህን ምሳሌ አንሥቼ ጋሼም እንዲሁ መቆየት ነበረባቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን አልልም፤ ምክንያቱም እኒያ መምህር የቆዩት ስለ ታዘነላቸው ሳይሆን ስለሚያውቁ ነው። ማኅሌት ያልተማረ ሰው በፍቅር ብቻ የሚቆምበት ቦታ አይደለም። አንድ ሰው ድጓ አወቀ ለመባል ብዙ ዓመት ይለፋል፤ ማስመስከር ሲፈልግ እስከ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ ይወርዳል። ያም ጥብቅ መለኪያ ነው። ልዩነቱ፣ መለኪያው ሰው ከመግባቱ በፊት የታወቀ መሆኑና ሰው ከገባ በኋላ በእርጅናው ምክንያት የማይለወጥበት መሆኑ ነው። ጋሼ ግን ድምፅም ዕውቀትም የላቸውም። ስለዚህ የማኅሌቱ ምሳሌ ለእርሳቸው ጉዳይ የሚደርሰው እስከ ግማሹ ብቻ ነው።

ዝማሬውን ብሎ ሰው የሚመርጥ መሪ ሁልጊዜ ይሳሳታል ብዬ እንዳልደመድም የሚከለክለኝ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ደግሞ አለ። በአሜሪካ በቴኔሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ፊስክ የሚባል ትምህርት ቤት ከእርስ በርሱ ጦርነት ማግሥት፣ በ1866 ተከፈተ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የተከፈተው ከባርነት ነፃ ለወጡ ጥቁሮች ሲሆን፣ ቤቶቹም የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የነበሩ ሰፈሮች ነበሩ። አምስት ዓመት ሳይሞላው በዕዳ ተያዘ፤ ሊዘጋም ተቃረበ። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ጆርጅ ኋይት የሚባል ነጭ ሰው ነበር። የአንጥረኛ ልጅ፣ ቀድሞ ወታደር የነበረ፣ ሙዚቃን በመደበኛ ትምህርት ያልተማረ ሰው ነው። እኔም የመዝገብ ሰው ስለ ሆንሁ ይሆናል፣ አንድ ገንዘብ ያዥ የሒሳብ መዝገቡን ዘግቶ የመዘምራን መሪ ሲሆን ማየቱ ያስደስተኛል። ኋይት ከተማሪዎቹ መካከል መረጠ፤ ኦክቶበር 6 ቀን 1871 ዘጠኝ ልጆች ይዞ ገንዘብ ፍለጋ ተነሣ። ከጥቂቶቹ በቀር በባርነት የተወለዱ ነበሩ።

ከእነርሱም ጋር ኤላ ሼፐርድ የምትባል የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች። አባቷ ከባርነት በገንዘብ ነፃ ያወጣት፣ እናቷን ግን ለማውጣት ያልቻለ ነው። ፒያኖ ትመታ ነበር፤ ኋይት በመሪነት ቢጠራም መዘምራኑን በማለማመድ በኩል የዕለት ተዕለቱን ሥራ አብዛኛውን የተሸከመችው እርሷ ናት። በየአገሩ ታሪክ ውስጥ መሪ የሚባለው ስሙ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ሰው ይሆናል፤ ልምምዱን የሚያስኬደው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ በመድረክ ላይ የዘመሩት ነጮች የሚያውቋቸውን መዝሙሮች ነበር። ወላጆቻቸው በባርነት ዘመን የዘመሯቸውን መዝሙሮች በሰው ፊት ለማውጣት አልፈለጉም፤ እነዚያ መዝሙሮች ለእነርሱ የመከራም የጸሎትም ነበሩና፣ ቲኬት ለገዛ ተመልካች ማቅረቡ ከበዳቸው። ለብቻቸው ሆነው ሲዘምሯቸው ከሰማ በኋላ ያበረታታቸው ኋይት ነው። በ1871 ኖቬምበር በኦሃዮ ግዛት በኦበርሊን በተደረገ አንድ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ ዘመሯቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ኋይት ድምፅን ዝቅ አድርጎ የመዘመርን ጥበብ ያስተምራቸው ነበር፤ የአንዱም ድምፅ ከሌላው ተለይቶ እንዳይሰማ ይደክም ነበር። በብዙ ከተማ ሆቴል ተከልክለዋል። ቺካጎ በእሳት በተቃጠለች ሰሞን፣ እነርሱ ራሳቸው ልብስና ስንቅ ሳይኖራቸው፣ ከመጀመሪያዎቹ ትርኢቶቻቸው ያገኙትን ሃምሳ ዶላር ያህል ለተጎዱት ሰጥተዋል። ስማቸውንም «የኢዮቤልዩ ዘማሪዎች» አሉት፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ባሪያ ነፃ የሚወጣበት ዓመት ነውና። በ1872 በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፊት፣ በ1873 በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። ባገኙትም ገንዘብ ዕዳው ተከፈለ፤ ጁቢሊ ሆል የተባለው ትልቅ ሕንፃ ተሠራ፤ በ1876 ተመረቀ።

ይህ የታሪኩ አንዱ ገጽ ነው። በሌላው ገጽ ላይ ልጆቹ በጉዞና በሥራ ብዛት ታመሙ፤ ድምፃቸው ተጎዳ፤ ትምህርታቸውም ተቋረጠ። የኋይት ሚስት በጉዞው ላይ ሞተችበት፤ እርሱም ጤናውን አጣ። በ1878 ቡድኑ ደክሞ ተበተነ። በኋላ እንደ ገና ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ድረስ አለ፤ በየዓመቱም ኦክቶበር 6 ቀን መጀመሪያ የተነሡበትን ዕለት ያከብራል፤ በ2021ም ግራሚ የሚባለውን ሽልማት አግኝቷል። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ጤና ግን በዚህ አይመለስም።

ኋይት በደል ሠራ ልል እችላለሁን? ለብዙ ቀን አሰብሁበት፤ ሙሉ በሙሉ እንዲህ ለማለት አልቻልሁም። የሚበቃ ዕረፍት አለመስጠቱ ስሕተት ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሲመርጥ የመረጠበት ምክንያት ለሁሉም የታወቀ ነበር። ቡድኑ የተሰበሰበው ትምህርት ቤቱን ከመዘጋት ለማዳን ነው፤ ልጆቹም ወላጆቻቸውም ይህን ያውቁ ነበር። ያልተመረጠ ተማሪ ቢያዝን እንኳ ተታለልሁ አይልም። የተመረጠውም ቢደክም ለምን እንደሚደክም ያውቃል። እነዚያ ልጆች ስለ ድካማቸው ሲያጉረመርሙ የሚያጉረመርሙት በመሪያቸው ላይ እንጂ በተስማሙበት ነገር ላይ አልነበረም፤ ወይም እኔ የገባኝ እንዲህ ነው።

ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ይህ ነው፤ መዘምራኑ ሲሰበሰቡ የተሰበሰቡት ለምን ነበር? ለውድድር የተሰበሰበ ቡድን ድምፅ ያለውን ይምረጥ፤ መብቱ ነው። ዕዳ ለመክፈል የተሰበሰበም እንዲሁ። የእኛ ማኅበር ግን የተሰበሰበው የታመመ ለመጠየቅ ነው። ታሞ የተኛ ሰው ጎረቤቶቹ መጥተው ሲዘምሩለት የማን ድምፅ በግማሽ ቃል እንደ ዘገየ አይቆጥርም፤ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ ግን ያያል። እኛ ማኅበሩን ከአንዱ ዓላማ ወደ ሌላው አሸጋገርነው፤ ማሸጋገሩ ራሱ ላይከፋ ይችላል፤ ማኅበር የሚሻለውን ሊመርጥ ይችላልና። በደሉ ያለው መሸጋገራችንን ለማንም ሳንናገር፣ ለአባላቱም ሳናስወስን፣ በአዲሱ ዓላማ ሚዛን የቀድሞዎቹን ሰዎች መመዘናችን ላይ ነው። ጋሼ የተባረሩት ባልገቡበት ማኅበር ሕግ ነው። ዝማሬው መሻሻሉ ይህን አይለውጠውም፤ በሰው ገንዘብ የተሠራ ቤት ቢያምር ገንዘቡ የሰው መሆኑ አይቀርምና።

ይህ በመዘምራን ብቻ የሚሆን ነገር አለመሆኑን መምህራን የሆናችሁ አንባቢዎች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የሰፈር ልጆችን ሁሉ ሊያስተምር የተከፈተ ትምህርት ቤት ከጊዜ በኋላ በፈተና ውጤት ሲመሰገን ይጀምራል፤ ምስጋናው ይጣፍጠዋል፤ ቀጥሎ ደካማ የሆነውን ልጅ ከፈተናው ዓመት በፊት ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ በትሕትና ይመክራል። የማለፊያው መቶኛ ከፍ ይላል። ልጁ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ አምድ በሠንጠረዡ ላይ የለም። መሪው የሚሰማው በፊቱ የቆሙትን ድምፅ ብቻ ነው፤ በሥራው ጠባይ ምክንያት የሌለውን ሰው ድምፅ ሊሰማ አይችልም። ስለዚህ የመሪው ጆሮ የቱንም ያህል ቢሠላ፣ በአጠገቡ የቀድሞውን ወረቀት የያዘ ሰው ያስፈልገዋል።

በእኛ ማኅበር ወረቀቱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። መሪውን የምወቅስበት አፍ የሌለኝ በዚህ ምክንያት ነው። እርሱ ሲመጣ ያገኘው አርባ ሰው ነው፤ ለምን እንደ ተሰበሰቡ ማንም አልነገረውም። በሦስት መስመር የተጻፈውን ዓላማ ነጥቡ በተሰጠበት ምሽት ተነሥቼ ማንበብ እችል ነበር፤ ጊዜው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ያላነበብሁት ረስቼው ነው ብል አንባቢ ያምነኝ ይሆናል። እውነቱ ግን ውድድሩን እኔም ፈልጌው ነበር።

ከውድድሩ ሁለት ወር በኋላ በአንድ ቅዳሜ ቀን ልብሱን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድሁ። ቡና ተፈልቶ ነበር። የሰፈሩን ወሬ ተጫወትን፤ በውድድሩ ምን እንደ ዘመርን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። በመጨረሻ ልብሱን አውጥቼ አጠገባቸው አስቀመጥሁት።

«ማን ላከህ?» አሉኝ።

«ማንም አልላከኝም፤ ጋሼ። በራሴ ነው የመጣሁ።»

ልብሱን አነሡና እጥፋቱን አስተካክለው መልሰው ሰጡኝ። «አንተማ በራስህ ብትመጣ ቤትህ ነው፤ ቡናም አለ፤ እንኳን ደህና መጣህ። ይኸን ግን በደብዳቤ ነው የወሰዳችሁት፤ ስታመጡትም እንደዚያው ነው። ማኅበሩ ሲልክህ ታመጣዋለህ፤ ልጄ።»

መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ትክክል እንደ ሆኑ ገባኝ። እኔ በግል ይቅርታ ጠይቄ ልገላገል ፈልጌ ነበር፤ እርሳቸው ግን የጠየቁት ለእኔ ዕረፍት የሚሰጥ ነገር አይደለም። በማግሥቱ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ ሳዘጋጅ በተራ ቁጥር 1 ላይ «የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ» ብዬ ጻፍሁ፤ በተራ ቁጥር 2 ላይ «ማኅበሩ ከእንግዲህ ለምን እንደሚዘምር መወሰን» አልሁ። መሪያችን አጀንዳውን አይቶ ብዙ ዝም አለ። ማኅበሩ ወደ ቀድሞው ዓላማ ከተመለሰ እርሱ የሚሠራው ሥራ እንደማይኖር፣ ሆኖም በስብሰባው ላይ እንደሚገኝና ሐሳቡን እንደሚያስረዳ ነገረኝ። ከአባላቱም ብዙዎቹ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ከእርሱ ጋር ናቸው፤ ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ ከውስጣቸው ሲወጣ ከሰሙ በኋላ መልሰው መልቀቁ ቀላል አይሆንላቸውም፤ ለእኔም ቀላል አይደለም። ሁለት ዓይነት ዝማሬ ይኑረን፣ አንዱ ለአዳራሽ፣ አንዱ ለታመመ ሰው ቤት የሚሉም አሉ። ይህ ይሆን አይሆን እንደ ሆነ አላውቅም።

ስብሰባው በሚመጣው እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። የደብዳቤው ቅጂ ከነፊርማቸው በፋይሉ ውስጥ አለ፤ ልብሱም በእኔ ቤት ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል።